በማን ቶን? ስለ ቤት ካራኦኬ፣ ስለ ላንጋኖና ማንም ስለማይነካው ቁልፍ

የካራኦኬ ስፒከር ላይ የተደረደሩት ቁልፎች ስንትም ይሁኑ፣ ሰው የሚያውቀው ሦስቱን ነው፦ ቮልዩም፣ ቤዝ፣ ኢኮ። ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞሩ ይመስል እስከ ጥግ ይጠመዘዛሉ። ከነሱ አጠገብ፣ እዚያ ከሌለም ስልካችን ላይ በሚጫን ማጫወቻ ውስጥ፣ አንድ ሌላ ቁልፍ አለ። ዘፈኑን ሳያፈጥን ሳያዘገይ ድምፁን ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ኪይ ይባላል፤ አንዳንዱ ላይ ፒች ተብሎ ይጻፋል፤ ሙዚቀኞች ቶን ሲሉት ትሰማላችሁ። በየቤቱ በተጋበዝኩበት ካራኦኬ ሁሉ ይህን ቁልፍ የሚነካ ሰው አላጋጠመኝም። እኔ ግን ዋናው እሱ ነው ባይ ነኝ። እሱ ያልተነካበት ካራኦኬ፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላለት እንኳ፣ ማይክ የተሰካበት ቴፕ ነው።

ነገሩን በላንጋኖ በኩል ልየው። ላለፉት ሦስት ዓመታት አዳማ ያሉት የጓደኛዬ ቤተሰቦች ከበዓል በኋላ ሐይቁ ዳር በሚከራዩት ቤት ይሰበሰባሉ፤ ድምፁን የምገጥመው ደግሞ እኔ ነኝ። መስፈርቱ "ኢንጂነር አይደለህ እንዴ?" የሚል ነው። ሥራዬ ኮድ መጻፍ መሆኑ ማንንም አያሳስብም። ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሴራሚክ ወለልና ወደ ቡናማው ውሃ የሚያይ ሰፊ መስታወት አለው። ዕቃው የሁላችሁም ቤት ያለው ነው፦ መብራት የሚያብለጨልጭ ባለ ጎማ ስፒከር፣ ሁለት ገመድ አልባ ማይክ፣ ቴሌቪዥን፣ ዩቲዩብ። ተሰብሳቢው ከስምንት ዓመት ልጅ እስከ ሰባ ዓመት አዛውንት ነው፤ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ፣ አንዳንዱ በሁለቱም ይዘፍናል። ካራኦኬን ለመተቸት ከዚህ የተሻለ መድረክ አላውቅም። እዚህ ማንም ዘፋኝ አይደለም፣ ሁሉም ግን ዘፈን ያውቃል።

ካራኦኬ ራሱ መነሻው እንዲህ ያለ ጉዞ ነው። ጃፓን፣ ኮቤ ከተማ ውስጥ ዳይሱኬ ኢኖዌ የሚባል የምሽት ክለብ ሙዚቀኛ ነበር፤ እንጀራው መዝፈን ያማራቸውን ደንበኞች ማጀብ ነው። ከደንበኞቹ አንዱ፣ የአንድ ትንሽ ኩባንያ ባለቤት፣ ሠራተኞቹን ይዞ ወደ ፍል ውሃ ሊሄድ ሲል "አብረኸኝ መጥተህ አጅበኝ" ይለዋል። ኢኖዌ መሄድ አልቻለም። በምትኩ ሰውየው በሚመቸው ቶን ሙዚቃውን ቀድቶ ቴፑን አስያዘው። ሰውየው ሄደ፣ ዘፈነ፣ ደስ ብሎት ተመለሰ። ከዚህ ተነስቶ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ1971 ማጉያ፣ ማይክ፣ የመኪና ቴፕና ሳንቲም መቀበያ በአንድ ሳጥን ያገናኘ ማሽን 11 ፍሬ አሠርቶ ለከተማው መጠጥ ቤቶች አከራየ። የፈጠራ መብቱን አላስመዘገበም፤ ዓለም ሁሉ ከሀብታምነት ያተረፈው ሰው ነው ማለት ይቻላል። በ2004 ቀልደኛው ኢግ ኖቤል የሰላም ሽልማቱን ሰጠው፤ ሰዎች አንዱ ሌላውን መታገሥ የሚማሩበት አዲስ መንገድ ፈጥሯል በሚል። ላንጋኖ ላይ ሌሊት ሰባት ሰዓት አልፎ የጎረቤት ካራኦኬ የሰማ ሰው ሽልማቱ ሲያንሰው ነው ይላል።

ታሪኩ ሲነገር የሚዘለለው ነገር ግን ያቺ "በሚመቸው ቶን" የምትለዋ ናት። ካራኦኬ ቃሉ በጃፓንኛ "ባዶ ኦርኬስትራ" እንደማለት ነው። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ለማንም የሚሆን ባዶ አልነበረም፤ ልብስ ሰፊ ለደንበኛው ልኬት ወስዶ እንደሚሰፋው፣ ለአንድ ሰው ጉሮሮ ተለክቶ የተሰፋ ነበር። እኛ ዛሬ ዩቲዩብ ከፍተን የምንገባበት ባዶ ቦታ የጥላሁን ገሠሠ ነው፣ የአስቴር አወቀ ነው። በነሱ ልክ የተሰፋ ኮት ውስጥ ገብተን እጅጌው ለምን ረዘመ እንላለን።

ወደ ቶኑ ከመድረሴ በፊት ግን ክፍሉንና ገመዱን ላንሳ፤ እነሱ ሳይስተካከሉ ስለ ቶን ማውራት ትርፍ ነው።

ስፒከር ጥግ ላይ አይቀመጥም። ሰው ሁሉ ግን ጥግ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ መንገድ እንዳይዘጋ። የላንጋኖው ሳሎን ወርዱ 4 ሜትር ገደማ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ተመላልሶ ራሱን የሚያገዝፈው የመጀመሪያው ድምፅ 43 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ተከታዩ 86። ሁለተኛው የቤዝ ጊታር ሠፈር ነው። ጥግ ላይ ያለ ስፒከር እነዚህን ሁለቱን እየመረጠ ያስጓራቸዋል፣ ዘፋኙም የራሱን ድምፅ ፍለጋ ይጮሃል። ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ስታርቁት ነገሩ ይረጋጋል። መስታወቱ ላይ ጋቢ ስቀሉበት፤ ሹል ሹሉን ድምፅ ይውጠዋል። ቤዙን ግን ምንም አያደርገውም፤ ለቤዝ ያለው መድኃኒት ቁልፉን ወደ ግራ መመለስ ብቻ ነው። ይህን ለማስፈጸም ከአጎቶች ጋር የሚደረገው ድርድር ከኤሌክትሮኒክሱ ይከብዳል።

ማይክ ሲያፏጭ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ አቀማመጥ ነው። ማይኩ ስፒከሩን ሲሰማ፣ ስፒከሩ ማይኩን መልሶ ሲያጮህ፣ ክቡ እየሰፋ ሄዶ ያፏጫል። ዘፋኙ ከስፒከሩ በስተኋላ ወይም ጎን ይቁም፤ ፊቱ የሚቆመው ተመልካች ነው። ወጣቶቹ ደግሞ የማይኩን ጭንቅላት በመዳፍ አፍኖ መያዝ ይወዳሉ፣ ክሊፕ ላይ ያምራልና። የብዙው ማይክ ጭንቅላት ከፊቱ የሚመጣውን እንጂ ከኋላ የሚመጣውን እንዳይሰማ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሲታፈን ይህ ችሎታው ይጠፋና ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል። ከዚያ ፉጨት ነው።

ብሉቱዝ ለሙዚቃው ይሁን ግድ የለም። ለማይክ ግን አይሆንም። ስልክ ላይ የሚጫኑ የካራኦኬ አፖች ድምፃችሁን በስልኩ ማይክ ተቀብለው በብሉቱዝ ወደ ስፒከር ሲልኩት እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። በዚያ ጊዜ ድምፅ 68 ሜትር ይጓዛል፤ ማለትም ከእናንተ 34 ሜትር የራቀ ገደል ፊት ቆማችሁ የገደል ማሚቶ እየሰማችሁ እንደመዝፈን ነው። የንግግር ተመራማሪዎች ከ1950ዎቹ ጀምሮ እንደሚያውቁት ደግሞ የሰው ምላስ በጣም የሚተሳሰረው የራሱን ድምፅ ልክ በዚህ መጠን ዘግይቶ ሲሰማ ነው። "ምት አይገባኝም" እያለ ማይክ ያስቀመጠ ዘመድ ካላችሁ መጀመሪያ ገመዱን ፈትሹ። የስፒከሩ የራሱ ማይክ በቀጥታ ስፒከሩ ላይ ሲሰካ ይህ ጣጣ የለም።

አሁን ኢኮ። ኢኮን የሚንቁ የድምፅ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከነሱ ወገን አይደለሁም። በካሴት ያደግን ሰዎች ጆሮ ኢኮ ይወዳል፣ መውደዱም ነውር የለበትም። የትዝታ የመጨረሻ ቃል ጭራ ካልኖረው ከአፍ ወድቆ እንደተሰበረ ብርጭቆ ነው። ችግሩ ኢኮ እስከ ጥግ ሲዞር የሚሠራው ሥራ ሌላ መሆኑ ነው። አንዱ ቃል ሳያልቅ ሌላው ይደረብበታል፤ ዘፋኙ ከዜማው መውጣቱን እሱም አያውቅ፣ እኛም አናውቅ። ሰው ኢኮ የሚጨምረው ስለሚያፍር ይመስለኛል። የሚያፍረው ደግሞ ዘፈኑ ስላልደረሰለት ነው። ዘፈኑ ያልደረሰለት ቶኑ የሌላ ሰው ስለሆነ ነው። ስለዚህ ኢኮውን ልትቀንሱ ስትሉ መጀመሪያ ኪዩን አስተካክሉ፤ ከዚያ ኢኮው በራሱ ሰው እጅ ይቀንሳል። ላንጋኖ ላይ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማንም ሳይነግራቸው።

የጓደኛዬ እናት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ቡና ሲቆሉ የሚያንጎራጉሩትን የሰማ ሰው ማይክ ሲሰጣቸው የሚመልሱትን አያምንም። "እኔ ድምፅ የለኝም።" ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አሉ። የሚወዱት ጥላሁንን ነው። የወንድ ዘፈን በወንዱ ከፍታ ሲሞክሩት ታችኛው ክፍል ላይ ድምፃቸው እየተነነ ይጠፋል፤ አንድ ኦክታቭ ዘለው ሲጀምሩት ደግሞ አዝማቹ ላይ ይጮህባቸዋል። መካከሉ የለም፤ ዩቲዩብ መካከል አይሰጥም። ፍጥነት ያስቀይራችኋል፣ ቶን ግን አያስቀይራችሁም። በሦስተኛው ዓመት ዘፈኑን ወደ ስልኬ አውርጄ፣ ቶን በሚቀይር ማጫወቻ ከፍቼ፣ አራት ግማሽ ቶን ከፍ አደረግኩት። ግማሽ ቶን ማለት የድምፁን ድግግሞሽ በ1.06 ገደማ ማባዛት ነው፤ 440 ኸርዝ የነበረው 466 ይሆናል። አራት ጊዜ እንዲህ ነው። እትዬ ጀመሩ፣ ወረዱ፣ ወጡ፣ ጨረሱ። ከዚያ "ይኼኛው ካሴት ደህና ነው፤ ከየት አመጣኸው?" አሉኝ። ሌላ ቅጂ ያገኘሁላቸው መስሏቸው ነበር።

"ድምፅ የለኝም" የሚለው ንግግር በየቤቱ ስንት ሰው ዝም አሰኝቷል? እዚህ ጋ ነው እኔ ከካራኦኬ ጋር ያለኝ ጠብ። መሣሪያው ሰውን ለማዘፈን መጣ፣ ገና ያልተለኩ ሰዎችን ግን ለካሁ ብሎ "የላችሁም" አላቸው። ሴቶች የወንድ ዘፈን ሲነኩ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ወጣት የቀጭን ድምፅ ዘፋኝ ሥራ ሲወድ፣ ዕድሜ ድምፁን ያወረደበት አባት የወጣትነት ዘፈኑን ሲሞክር፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ፍርድ ይሰማሉ። ፍርዱ ደግሞ ከስፒከር ሳይሆን ከራሳቸው አፍ ይወጣል።

የሚገርመው ይህ ጉዳይ ለእኛ ሙዚቃ አዲስ ሆኖ መምጣቱ ነው። ክራር የሚመታ ሰው ከመጀመሩ በፊት ይቃኛል፤ የሚቃኘው ከዘፋኙ ጋር ነው። የማሲንቆ ክር አንድ ናት፣ የማትታዘዝበት ከፍታ የለም። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን የምንጠራበት ስም ራሱ "ቅኝት" ነው፤ ቃሉ ከመቃኘት የመጣ። ለሙዚቃችን መሠረት የሰጠነው ስም አውታር ማጥበቅና ማላላት ነው እኮ! በሠርግ ቤት ኪቦርድ ብቻውን ይዞ የሚያዘፍነው ሰውዬ እንኳ፣ ሰዓት እላፊ ባንዶችን ካመናመነ ወዲህ በብዛት የመጣው ዋን ማን ባንድ፣ የሙሽራው አጎት ማይክ ሲይዝ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ሁለት ድምፅ ነክቶ መጠየቅ ነው። ከፍ ላርገው? ዝቅ? ለእሱ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። በኪቦርዱ ላይ የቀለድን ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ይህን ትሕትናውን ሳናመሰግን ነው ያለፍነው። የቤት ካራኦኬ ከኪቦርዱ ሰውዬ ያነሰው በድምፅ ጥራት አይደለም። ያነሰው ስለማይጠይቅ ነው።

እርግጥ ቶን መቀየር ወሰን አለው። ከአራት አምስት ግማሽ ቶን በላይ ስትሄዱ ከበሮው የላስቲክ ይሆናል፤ ዘፋኙ ከዘፈኑ ውስጥ ካልወጣ ደግሞ እሱም አብሮ ሕፃን ወይም ግዙፍ ሰው ይሆናል። ዘፋኙን ማውጣቱ ራሱ ትልቅ ወሬ ነው፣ ትንሽ ልቆይበት።

ድሮ "ድምፁን የሚያጠፋ" የሚባለው ብልሃት ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት የሆነውን መቀነስ ነበር፤ በሞኖ የተቀዳ የድሮ ዘፈን ላይ ስትሞክሩት ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ስለሆነ ዝምታ ይቀራችኋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዲዘር የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ስፕሊተርን በነፃ ለቀቀ፤ የፌስቡክ ተመራማሪዎችም ዴሙክስን አወጡ። ሁለቱም ከብዙ ዘፈን ተምረው ድምፅን፣ ከበሮን፣ ቤዝን፣ "ሌላውን" ይለያሉ። ይሠራሉ? በዘመናዊ ዘፈን ላይ አፍ ያስከፍታሉ። በእኛ የ1960ዎቹ ሸክላ ላይ ስሞክራቸው ግን ደስ የሚል ሞኝነት ያሳያሉ። ማሲንቆ ሲመጣ ሰው መስሏቸው ከዘፋኙ ጋር ይዘውት ይሄዳሉ። ሳክስፎኑ ከዘፋኙ እግር እግር እየሄደ ሲመልስለት፣ የት ላይ አንዱ አልቆ ሌላው እንደጀመረ ይጠፋቸዋል። አይፈረድባቸውም። የሚፈተኑበት ታዋቂው ስብስብ 150 ዘፈኖች አሉት፣ አብዛኛው የምዕራቡ ፖፕና ሮክ ነው። "ሌላ" በሚለው ሳጥን ውስጥ ክራርም፣ ማሲንቆም፣ ዋሽንትም አብረው ታጭቀዋል። ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ይህን ሳጥን ያውቀዋል፤ ያልገባንን ነገር ሁሉ የምንከትበት ፎልደር ነው።

በስህተቱ ውስጥ ግን እውነት አለ። የእኛ መሣሪያ ዘፋኙን ያጅባል ስንል ብዙ ጊዜ ዜማውን ራሱን አብሮት ይዘፍናል ማለታችን ነው። ዘፋኙን ብታወጡት ዜማው ባዶ አይሆንም፤ ማሲንቆው ይዞት ይቀራል። ስለዚህ የቤት ካራኦኬ ሠሪ ሆኜ ስናገር፣ ንጹሕ የተባለውን ትራክ ፍለጋ አትሩጡ። ጥላ የቀረበት ትራክ፣ ሳክስፎኑ ውስጥ የዘፋኙ ትንፋሽ የሚሰማበት፣ ለጀማሪ ዘፋኝ ከንጹሑ ይሻላል። መንገድ ያሳየዋል።

ይህን ደግሞ ከኮምፒውተር በፊት የሚያውቅ ሰው ነበረን። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 "ቼ በለው"ን ሲያወጣ ሥራው በመሣሪያ ብቻ ነበር፤ ኦርጋኑ የዘፋኙን ወንበር ይዟል። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና የከበሮ ማሽኑን ደራርቦ የሠራው ካሴትም እንዲሁ። በኛ አገር አነጋገር እንዲህ ያለው ሙዚቃ "ክላሲካል" ይባላል፤ ሞዛርትን የሚያውቁ ሰዎች ይሥቁብናል፣ እኛ ግን ምን ማለታችን እንደሆነ እናውቃለን። ሬዲዮ ላይ ዜና ሊጀምር ሲል ክላሲካል ሲለቀቅ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ይጀምራል። ቃሉ የለም፣ ዘፋኙ የለም፣ ስክሪን የለም፤ ሁሉም ግን ይዘፍናል። ላንጋኖ ላይ ከዩቲዩብ ካራኦኬ ይልቅ ሰው ያዘፈነልኝ እንዲህ ያለ የቆየ ክላሲካል ነው። ኦርጋኑ አብሯቸው ስለሚሄድ ማንም ብቻዬን ነኝ አይልም። ቶኑን ከፍና ዝቅ ሳደርገውም የሚያንሻፍፈው የሰው ድምፅ የለውም። የካራኦኬ ማሽን ሻጮች ይህን ቢሰሙ ግራ ይገባቸዋል፤ የሸጡልን ባዶ ቦታ ነው፣ እኛ የወደድነው ሰው ያለበትን ነው።

ነጥብ የሚሰጡ ማሽኖች ላይ ብዙ አልቆይም። "87! ጎበዝ!" የሚሉት። የብዙዎቹ ሂሳብ ከተቀዳው ዜማ ምን ያህል ራቅክ ነው፤ ዜማ ላይ ጌጥ የጨመረ ይቀጣል፣ እንደ እንጨት የደረቀ ይሸለማል። ድምፅ "የሚያቃኑት" ደግሞ ይብሳሉ። አንቺሆዬን ከሲ ብትጀምሩት ዲ ፍላትና ጂ ፍላት ውስጡ አሉ፤ ማሽኑ በሲ ሜጀር ከተሞላ ሁለቱንም እንደ ስህተት ቆጥሮ ወደ ጎረቤታቸው ይገፋቸዋል። የሚወጣው ነገር አንቺሆዬ አይደለም፤ ምን እንደሆነ እኔም አላውቅ። አጥፉት፣ በቃ።

ስክሪኑ ላይ የሚሄደው ግጥም ግን ትንሽ ቦታ ይገባዋል፤ ፊደላችን ለካራኦኬ የተሠራ ይመስለኝ ነበርና። አንድ ፊደል አንድ ድምፅ ካለው፣ እንደ ጃፓኖቹ ቃና ፊደል በፊደል እያበራ መሄድ ይችላል አይደል? ሳድስ መጣና አስቸገረ። "ልቤ" ሁለት ፊደል ነው፣ ሁለት ጊዜ ይመታል። "ልብ"ም ሁለት ፊደል ነው፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል። ጥብቀትና ላልነትም አይጻፍም፤ "ገና" ብሎ የተጻፈውን አላልቶ "እስካሁን" ማለት ነው ወይስ አጥብቆ በዓሉ፣ የሚነግረው ዜማው ነው። ስለዚህ የአማርኛ ግጥም በኮድ ብቻ አይበራም፤ ሰው እየሰማ በእጁ ሰዓት መሙላት አለበት። ትዝታ ላይ ደግሞ ያም አይረዳም፤ ትዝታ የሚዘፍን ሰው ቃሉን እንደፈለገው ይጎትታል፣ ብርሃኑ ቀድሞት ሄዶ ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ኦሮምኛው በዚህ ይቀላል፤ በቁቤ ሲጻፍ የጠበቀውና የረዘመው በፊደል ብዛት ይታያል። ዓሊ ቢራ አዳማ ውስጥ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ካረፈ ወዲህ ላንጋኖ ላይ የሱ ዘፈን ሳይነሳ ያደረ ምሽት የለም፤ እሱ ሲነሳ ደግሞ ማንም ስክሪን አያይም፣ ቃሉን ሁሉም በልቡ ይዞታል። የሚያዩት ልጆቹ ናቸው። የእነሱ ማንበብ ከአዋቂዎቹ ትውስታ ግማሽ ምት ወደ ኋላ እየቀረ ሲሄድ መስማት ራሱን የቻለ ሙዚቃ ነው።

ባለፈው ዓመት መብራት ጠፍቶ ቴሌቪዥኑ ሲጨልም ስፒከሩ በባትሪ ቀጠለ። ስልኬ ላይ የነበረው አንድ የቆየ ክላሲካል ነበር፣ ተለቀቀ። ከቤተሰቡ አንድ ጎልማሳ ማይኩን ያዘና ግጥም ከማስታወስ ይልቅ የተቀመጡትን እያየ ስንኝ መግጠም ጀመረ። ከዚያ አንዱ ከጥግ "ተቀበል!" አለ። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ እንግዳው ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው በዜማ ይመልሰዋል። የካራኦኬ ግልባጭ ነው። ካራኦኬ ቃል ሰጥቶህ ድምፅ ይጠይቅሃል፤ ተቀበል ድምፅ ሰጥቶህ ቃል ይጠይቅሃል። እትዬ በሕይወታቸው ማይክ ላይ ያልተናገሩትን ስለ አማቻቸው መኪና አነዳድ ወረወሩ፤ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ቤት መቱ። አማቹ ከሞጆ እስከ ላንጋኖ ያለውን መንገድ በምስክርነት ጠርቶ ተከራከረ። ትራኩ ሲያልቅ መልሼ ከመጀመሪያው ለቀቅኩት፤ አምስት ጊዜ ዞረ። ማሽኑ ያን ሌሊት ያደረገው ነገር ቢኖር ቶኑን ይዞ መጠበቅ ነው፤ ከማሽን የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

አሁን ስልኬ ላይ አንድ ማስታወሻ አለ። የቤተሰቡ ሰዎች መጠሪያ፣ ከጎናቸው ቁጥር። እትዬ፣ ጥላሁን፣ +4። ታላቅ ወንድም፣ ማህሙድ፣ −3። አያት ምንም ዘፈን ይሁን −5፣ ከበሮው ላስቲክ ቢሆንም እሳቸው አይሰሙትም። የስምንት ዓመቷ ልጅ በየዓመቱ ስለምትለወጥ ፊት ለፊቷ የጥያቄ ምልክት ነው ያለው። ባለፈው ልንወጣ ዕቃ ስንጭን የቤቱ ጥበቃ፣ ሌሊቱን ሙሉ በር ላይ ሆነው ሲሰሙ ያደሩት ጋሼ፣ "ለእኔስ ስንት ነው?" አሉኝ። የሚዘፍኑት የትኛውን እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ነገሩኝ። ስፒከሩ ግን መኪና ውስጥ ተጭኖ ነበርና መስመራቸው እስካሁን ቁጥር የለውም።